ባሬሉን ከመሳብ በፊት

ያገለገለ ክላርኔት የገዛ ሰው ቅኝቱ አልገጥም ሲለው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ባሬሉን (ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን አጭር ቧንቧ) ትንሽ ይስባል፣ ካልሆነለት ሌላ ማውዝፒስ ያፈላልጋል። ልማዱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ መሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በማንሸራተት፣ ክራር ደርዳሪ ክሩን በማጥበቅ የሚያቃናውን ነገር ክላርኔት ላይ ሠሪው ቀዳዳዎቹን ሲበሳ አስቀድሞ ወስኖታል። እዚህ አንዱን ድምፅ ለማቃናት የተደረገ ነገር ሌላውን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ጥገና ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ስህተቱ የቱን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ድምፆች ላይ እንደሚታይ ነው፤ መንስኤውን የሚያሳብቀው ይህ ስርጭት ነውና።

ስርጭቱን ለማወቅ ከታችኛው ሚ ተነሥቶ እያንዳንዱን ድምፅ በእኩል ጉልበት መንፋትና ከቲዩነሩ የራቀበትን በሴንት መመዝገብ ይበቃል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ነፊው መርፌውን እያየ ከነፋ ሳያውቀው በከንፈሩ ስለሚያስተካክል ንባቡን ሌላ ሰው ቢይዝለት ይሻላል። ሁሉም ድምፆች በተቀራራቢ መጠን ከወረዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ወደ 3 ሴንት ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ጠዋት ከሳጥኑ የወጣ ክላርኔት ሳይሞቅ ዝቅ ቢል አይፈረድበትም። የከተማዋን ከፍታ መውቀስም አያስኬድም፤ አየሩ ሲሳሳ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት እንጂ ከፍታ አይደለም። መሣሪያው ሞቆ ሁሉም ድምፅ ወደ 50 ሴንት ገደማ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ የተለመደው ላ 440 ኸርዝ ከመጽናቱ በፊት፣ በተለይ በእንግሊዝ ወታደራዊ ባንዶች፣ ወደ 452 ኸርዝ በሚጠጋ ቅኝት የሚነፉ ክላርኔቶች ይሠሩ ነበር። አጠር ያሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም «ኤች ፒ» የሚል ምልክት ተቀርጾባቸዋል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ባሬል መሳብ ለምን እንደማያድነው ቀላል ስሌት ያሳያል። ክፍት ሶል (ጣቶች ሁሉ ተነሥተው) ሲነፋ የሚሠራው የቧንቧ ርዝመት ወደ 25 ሴንቲሜትር ነው፤ ለታችኛው ሚ ግን ወደ 59 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ባሬሉ 2 ሚሊሜትር ቢሳብ ሶል ወደ 14 ሴንት ሲወርድ ሚ የሚወርደው 6 ያህል ብቻ ነው። ጉዳቱ ይበልጥ የሚሰማው ሲ ፍላትና ሲ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው በአጭር ቧንቧ፣ ሁለተኛው በሙሉ ቧንቧ ስለሚነፋ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 10 ሴንት ይሰፋል። ከዚህ ስሌት የምርመራ ሕግ ይወጣል፤ ስህተቱ በአጫጭር ድምፆች በርትቶ ወደ ታች እየቀነሰ ከሄደ ባሬሉ ወይም ማውዝፒሱ ለዚያ ክላርኔት አልተሠራም ማለት ነው። ያገለገለ መሣሪያ ላይ የሌላ ባሬል ተገጥሞ መገኘቱም ብርቅ አይደለም።

አንድ ድምፅ ብቻውን ከወረደ ደግሞ ባሬሉን መንካት አያስፈልግም። ብዙ ሰው ጣቱ ያረፈበትን ቀዳዳ ይመረምራል፤ ቅኝቱን በዋናነት የሚወስነው ግን ከተዘጉት ቀዳዳዎች ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ክፍት ቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ ከተጋገረ ወይም በላዩ ያለው ፓድ (የቁልፉ መክደኛ) በበቂ ካልተነሣ ድምፁ ይወርዳል፣ ይታፈናልም። ማጽዳትና የቁልፉን ከፍታ ማስተካከል ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ጎበዝ ነፊ ይህን ሁሉ በከንፈሩ ያቃናዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነትነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ክላርኔት ላይ ከንፈር ድምፅን በቀላሉ ያወርዳል፤ የወረደውን የማንሣት አቅሙ ግን ጥቂት ነው። በፈጣን ዜማ መካከል ለእያንዳንዱ ድምፅ ከንፈር ማሰናዳትም አይቻልም፤ ተማሪ ደግሞ የመሣሪያውን ጉድለት ከራሱ ስህተት ሳይለይ አጉል ልማድ ይይዛል። ሌላው ተቃውሞ ርካሽ ክላርኔት ይህን ያህል ድካም አይገባውም የሚል ነው። ምርመራው ግን ከአንድ ቲዩነርና ከአንድ ወረቀት በላይ ወጪ የለውም፤ ያለ ምርመራ የተገዛ ማውዝፒስ ዋጋ ግን ከክላርኔቱ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ሊመለስ ከሚችለው ወደማይመለሰው ይሂድ፤ ማሞቅ፣ ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን ሸምበቆ) መቀየር፣ ቀዳዳዎችን ማጽዳት፣ ፓዶችን ማየት፣ ከዚያ ባሬል መሞከር። ባሬል መቁረጥና ቀዳዳ ማስፋት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እነሱንም ለባለሙያ ይተዉ። አንዴ የተፋቀ እንጨት አይመለስም።