ትጥቁና ታጣቂው

እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘው የጠረጴዛ ጨዋታ ተጫዋቹን የአንድ ገጸ ባሕርይ ደራሲም ተዋናይም ያደርገዋል። በመጀመሪያው ዘመን አስማታዊው ሰይፍ በአብዛኛው ከጭራቅ ዋሻ በመከራ የሚገኝ ሲሳይ ነበር፤ ታሪክ ነበረው። በ2000 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ግን ዋጋ ቆረጠለት፦ ለሰይፍ አንድ ነጥብ የሚጨምር አስማት 2,000 ወርቅ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን እንደ ነጋዴ በሒሳብ ይቀርጽ ጀመር። ጉልበት የሚሰጠው ቀበቶ፣ ከጥቃት የሚጠብቀው ቀለበት፣ ሁሉም ጀግናው ገና ሳይፈተን ተደልድሎ ያድራል። ትጥቅ ለጀግና ነውር ነው ማለት አይደለም፤ ጦርና ጋሻ የማይነሣበትን ፉከራ ማን ሰምቶ ያውቃል? ጥያቄው ቀበቶው ሲፈታ የሚቀረው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። የ2014ቱ አምስተኛ ዕትም አንድ ገጸ ባሕርይ ከራሱ ጋር የሚያዋሕዳቸውን ኃያላን ዕቃዎች በሦስት ወስኗል። መልካም እርምጃ ነው፤ ዳሩ ግን ቁጥሩን ገደበ እንጂ ለታጣቂው ፍርሃትም ሆነ ዓላማ አልሰጠውም።