ከጥቂት አስከሬኖች ወደ ብዙ ሕሙማን፦ በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ጉዳት ላይ የቀረቡ ሁለት ጽሑፎች ሲመዘኑ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋበት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ ሁለት ጽሑፎች የብዙ ሐኪሞችን አስተሳሰብ ለውጠዋል። አንደኛው ዡዣና ቫርጋና ባልደረቦቻቸው ከዙሪክ በላንሴት መጽሔት፣ ሁለተኛው ማክሲሚሊያን አከርማንና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ያወጧቸው ናቸው። የሁለቱም ፍሬ ነገር፣ በሽታው የሳምባ የአየር ከረጢቶችን ብቻ ሳይሆን ኢንዶቴልየም የሚባለውን የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንም ያጠቃል የሚል ነው። ሐሳቡ ከሕክምና ውሳኔ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ጽሑፎቹን በጥንቃቄ መመዘን ተገቢ ነው።

እንደሚታወቀው ኢንዶቴልየም ተራ ልባጥ አይደለም። ጤናማ ሲሆን ደም በሥሩ ውስጥ እንዳይረጋ ይከላከላል፤ የፈሳሽና የፕሮቲን መተላለፍን ይቆጣጠራል፤ የደም ሥሮችን መጥበብና መስፋት ይመራል። በከባድ የቫይረስ የሳምባ ምች ሲጎዳ ግን የሕዋሳቱ መጋጠሚያ ይላላል፤ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል፤ ፕሌትሌቶች ይጣበቃሉ፤ በቀጫጭኖቹ ሥሮችም ደም ይረጋል። ይህ በኢንፍሉዌንዛም የሚታይ እንጂ የኮቪድ-19 ብቻ መለያ አይደለም።

የዙሪኩ ጽሑፍ አጭር ደብዳቤ ሲሆን፣ መሠረቱም ሦስት ሕሙማን ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ግን በሕይወት የተረፈና በቀዶ ሕክምና ከወጣ አንጀቱ ናሙና የተመረመረለት ነው። ጸሐፊዎቹ በአንዱ ሕመምተኛ የተተከለ ኩላሊት ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የቫይረስ አካላት እንዳዩ ገልጸዋል። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች የማይክሮስኮፕ ባለሙያዎች በዚያው መጽሔት፣ የታየው ቫይረስ ሳይሆን የሕዋሱ የራሱ ክፍል የሆነው ሻካራ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው ሲሉ ተቃውመዋል። ስለዚህ የሽፋኑ መቆጣት በጽሑፉ ቢታይም፣ ቫይረሱ ራሱ ሽፋኑን ወርሯል የሚለው ድምዳሜ ግን አልጸናም።

የአከርማን ጥናት ይበልጥ የተደራጀ ነው። በኮቪድ-19 የሞቱ የ7 ሰዎችን ሳምባ፣ በኢንፍሉዌንዛ ኤ ኤች1ኤን1 ከሞቱ የ7 ሰዎች ሳምባና በቫይረስ ካልተያዙ 10 ሳምባዎች ጋር አነጻጽሯል። በአየር ከረጢቶች ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች የረጋ ደም በኮቪድ-19 ከኢንፍሉዌንዛው 9 እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኝቷል። ማነጻጸሪያ ማቅረቡ የጥናቱ ትልቅ ብልጫ ነው። ይሁን እንጂ ከኢንፍሉዌንዛ ሟቾች አምስቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዱ፣ ከኮቪድ-19 ሟቾች ግን አንዱም የተለመደውን የመሣሪያ እርዳታ አላገኘም። ከልዩነቱ ምን ያህሉ የቫይረሱ፣ ምን ያህሉ የሕክምናው እንደሆነ ከ14 አስከሬን መለየት አይቻልም። ከዚህም በላይ አስከሬን የበሽታውን ፍጻሜ ያሳያል እንጂ የጉዳቱን ቅደም ተከተል አይነግርም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ደም ረግቶ ከታየ ለሁሉም ከፍተኛ መጠን ያለው ሄፓሪን መስጠት ይገባ ነበርን? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ትልልቅ የሙከራ ጥናቶች መልሱን ሰጥተዋል። የጽኑ ሕሙማን ድጋፍ ባላስፈለጋቸው 2219 ሕሙማን ላይ ሙሉ የሕክምና መጠን ጠቅሟል። በጽኑ በታመሙ 1098 ሰዎች ላይ ግን አልጠቀመም፤ ከባድ የደም መፍሰስም ከ2.3 ወደ 3.8 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል። ሪከቨሪ በተባለው የብሪታንያ ጥናት አስፕሪን ሞትን አልቀነሰም። በአንጻሩ በዚሁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዱ በነበሩት መካከል ዴክሳሜታዞን ሞትን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ ኦክሲጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም።

በማይክሮስኮፕ የታየ ጉዳት መድኃኒት ለመሞከር ምክንያት ይሆናል እንጂ መድኃኒቱን ለማዘዝ ብቻውን አይበቃም። የደም መርጋት ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት፣ ደም ለሚፈሰው ሕመምተኛ የሚሰጥ ደምም በሚያጥርበት ሆስፒታል ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሁለቱ ጽሑፎች የት መመልከት እንዳለብን ስላሳዩን ምስጋና ይገባቸዋል፤ ለማን፣ መቼና በምን መጠን የሚለውን ግን ከሙከራ ጥናቶች መጠበቅ ይኖርብናል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ ጊዜም ይህ ቅደም ተከተል እንዳይዛባ ማድረግ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።