«ሥልጣን የለኝም» ማለት «ሥጋት የለም» ማለት ነውን?
ስለ ፉፌንግ ኵባንያና ስለ ግራንድ ፎርክስ ከተማ የቀረበ ትችት

በቻይና አገር በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የተቋቋመው ፉፌንግ የተባለው ኵባንያ ዋና ሥራው በቆሎን ወደ ምግብ ማጣፈጫና ወደ መኖ ተጨማሪ መለወጥ ነው። ከበቆሎው ስታርች ይወጣል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩን በትልልቅ በርሜል ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ይመገበውና የተፈለገውን አሲድ ያፈራል። ወጥ የሚያጣፍጠው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ላይዚንም እንዲሁ። በቆሎ በላይዚን ድኻ ስለ ሆነ፥ በበቆሎ ብቻ የሚቀለቡ አሳማዎችና ዶሮዎች እንደሚገባ አያድጉም። እንግዲህ ዕቃው ተራ የገበያ ዕቃ ነው፤ ክርክሩን ለሚመዝን ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ይህ ኵባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ በምትገኘው በግራንድ ፎርክስ ከተማ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚፈጅ የበቆሎ ፋብሪካ ለማቆም አሰበ፤ 370 ኤከር መሬትም ገዛ። የከተማው ሹማምንት ለገበሬው ገበያ፥ ለሥራ ፈላጊውም ሥራ ይገኛል ብለው ደስ አላቸው። ነገር ግን ከመሬቱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የአየር ኃይል ሰፈር አለ።

ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ተቃወሙ። አንዳንዱ የፈራው ስለላን ነው፤ አንዳንዱ ፋብሪካው ስለሚጠጣው ውሃና ስለሚያወጣው ሽታ ተጨነቀ፤ ቻይና የሚለውን ስም ከመስማቱ የተቈጣም አልጠፋም። ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን ብለው ከ5,000 የሚበልጥ ፊርማ ቢሰበስቡም፥ ከተማው አልተቀበላቸውም። እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የስለላውን ፍርሃት ከውሃው ጥያቄ ለይቶ፥ ለእያንዳንዱ ተገቢውን መልስ መስጠት የሚቻልበት ጊዜ ያ ነበር።

ከዚያም ነገሩ የውጭ አገር ሰዎችን ግዢ ወደሚመረምረው የፌዴራል ኮሚቴ ሄደ። ኮሚቴው በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ የሰጠው መልስ ይህን ግዢ ለመመርመር ሥልጣን የለኝም የሚል ነበር። ይህን ቃል ኵባንያው ንጹሕ ሆኖ እንደ ተገኘ አድርጎ መተርጐም ስሕተት ነው። ዳኛ «ይህ ነገር በእኔ ችሎት አይታይም» ቢል ተከሳሹ ነጻ ወጣ አይባልም፤ ጥፋተኛ ነውም አይባልም። ነገሩ ሳይታይ ቀረ፥ ይኸው ነው።

በጥር 2023 ዓ.ም. ግን ከአየር ኃይሉ ሚኒስቴር ደብዳቤ መጣ፤ ፋብሪካው ለአገር ደኅንነት ከባድ ሥጋት መሆኑን ይናገራል። የከተማው ምክር ቤትም በየካቲት በአንድ ድምፅ ውሉን አቋረጠ። ደብዳቤው ፍርዱን ይናገራል እንጂ ማስረጃውን ለሕዝብ አይዘረዝርም። የወታደር ምስጢር በአደባባይ አይዘራም የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ሥጋቱንም ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ያው ምክር ቤት ለ5,000 ፊርማ ያልከፈተውን በር ለአንዲት ደብዳቤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከፈተ። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተደረሰበት መንገድ ግን የከተማውን ሰው ተመልካች አድርጎታል።

ኵባንያውም ቢሆን ከነቀፌታ አይድንም። በባዕድ አገር ይህን የሚያህል መሬት የሚገዛ ነጋዴ፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና ከመንግሥቱ ጋር ያለው ግንኙነት ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አስቀድሞ በግልጽ ማስረዳት ነበረበት። ጥያቄው ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ መልስ፥ እውነት እንኳ ቢሆን፥ የማመካኛ መልክ ይይዛል።

በዚያው በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር የግራንድ ፎርክስን የአየር ኃይል ሰፈር ኮሚቴው በአካባቢያቸው የሚደረገውን የመሬት ግዢ ከሚመረምርላቸው ሰፈሮች ዝርዝር ውስጥ ጨመረው። ከእንግዲህ በዚያ አካባቢ መሬት የሚገዛ የውጭ ኵባንያ «ሥልጣን የለኝም» የሚለውን መልስ በቀላሉ አያገኝም። ያ ዝርዝር የሚያየው ግን የጦር ሰፈሮችን ነው፤ ስለ ውሃውና ስለ ሽታው የጠየቁት ሰዎች በእሱ ውስጥ ቦታ የላቸውም።