ሁለቱ የቦሎቄ ኩባያዎች ያልነገሯችሁ

ይህን ሙከራ ሳታዩት አትቀሩም። ሁለት ኩባያ፣ ሁለት የቦሎቄ ችግኝ። አንዱ ንጹህ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው የተሟሟበት አንድ ሊትር ውሃ ይሰጠዋል። በማግስቱ ባለጨዉ ጠውልጎ ይገኛል። «ጨው ውሃውን ከሥሩ ስለሳበው ነው፣ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል» ተብሎ ካርቶን ላይ ይጻፋል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። በሳይንስ ክበብም በዩቲዩብም ሞልቷል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሠርቼዋለሁ።

ሙከራው ውሸት አይደለም፤ ኦስሞሲስ አለ። የምነቅፈው ስለ ጨዋማ መሬት ከሚያሳየን ይልቅ የሚደብቅብን ስለሚበልጥ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ወደ 18 ግራም ይመዝናል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ስላለው፣ ችግኟን ግማሽ ባሕር አጠጣናት ማለት ነው። የአፈር ባለሙያዎች ግን አንድን መሬት «ጨዋማ» የሚሉት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲደርስ ነው። ይህ በገበታ ጨው ሲሰላ በሊትር ከ2 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም! ገበሬውን የሚያከስረው ይህ በምላስ እምብዛም የማያስፈራ ጨው ነው።

ደግሞስ ቦሎቄ ለምን ተመረጠ? ቶሎ ስለሚበቅል ይሆናል። ነገር ግን ከተለመዱት ሰብሎች ጨው ከማይችሉት አንዱ ነው፤ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው በ1 ዴሲሲመንስ አካባቢ ነው። በቆሎ እስከ 1.7፣ ስንዴ እስከ 6፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይቋቋማሉ። ቦሎቄን ብቻ አይቶ «ጨው ተክል ይገድላል» ማለት ሰነፉን ተማሪ ፈትኖ «ክፍሉ በሙሉ ወድቋል» እንደማለት ነው እኮ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፎቶሲንተሲስ (ብርሃን አስተፃምሮ) እንምጣ። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ሰንሰለት እንዲህ ነው፦ ጨው ሲበዛ የቅጠል ቀዳዳዎች ይጠባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፣ ፎቶሲንተሲስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ተክሉ አያድግም። ያምራል፤ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ችግር አለበት። ጨው ሥሩ አካባቢ እንደደረሰ በመጀመሪያ የሚቀንሰው የአዳዲስ ቅጠሎች እድገት ራሱ ነው፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ተክሉ ስኳር ስላጣ አይደለም። እንዲያውም ስኳሩ የሚጠቀምበት አጥቶ ሊጠራቀም ይችላል። ተክሉ ውሃ ማግኘት እንደከበደው «አውቆ» እድገቱን ይገታል።

እዚህ ላይ መለኪያ የሚያታልልበት ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በጨው ውስጥ ያደጉ ቅጠሎች ትንሽና ወፍራም ይሆናሉ፤ ክሎሮፕላስታቸው በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ አረንጓዴነታቸው ይደምቃል። በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ስትለኩት ፎቶሲንተሲሱ ደህና ይመስላል። የጠፋው የት ነው? በጠቅላላው የቅጠል ስፋት ላይ። ብርሃን የሚቀበለው ገጽታ ስላነሰ ተክሉ በቀን የሚሠራው ምግብ ያንሳል። ቅጠሉን ብቻ ለክቶ ተክሉን የረሳ ሰው «ጨው ምንም አላደረገውም» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ በማግስቱ ለሚጠናቀቅ ሙከራ አይታይም። ሶዲየም ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ውሃው ይተናል፣ ሶዲየሙ ይቀራል። ብዙ ቀን የቆዩት ቅጠሎች ብዙ ያከማቻሉ። የሕዋሱ ማከማቻ ሲሞላ ሶዲየሙ የፖታሲየምን ቦታ እየተሻማ የኤንዛይሞችን ሥራ ያውካል። ቀዳዳዎቹ ጠብበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያንስም ፀሐይዋ ግን አትቀንስም፤ ትርፉ ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል። አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ይደርቃሉ። አዲስ ከሚወጣው የሚሞተው ከፈጠነ፣ ያኔ እውነትም ተክሉ ራሱን መመገብ ያቅተዋል።

የኩባያው ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው፦ ጨዉን ሰው ከማሸጊያው አውጥቶ ይጨምረዋል። በእርሻ ላይ ማን ይጨምረዋል? መካከለኛውን አዋሽ፣ አሚባራን ውሰዱ። በመልካ ሳዲ አካባቢ ጥጥ ሲመረትባቸው የነበሩ መሬቶች በጨው ምክንያት ተትተዋል። ባሕር አልደረሰባቸውም፤ የመጣው በመስኖ ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት፦ በሊትር ግማሽ ግራም ብቻ ጨው ያለው ውሃ፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 5 ቶን ጨው ይሆናል። የሚጠጣ ውሃ ነው፣ አይጎመዝዝም። ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ ጨዉ የትም አይሄድም። ማስወገጃ ቦይ ከሌለ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና በአፈሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ጨዉን ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል።

«ሳይንቲስቶች ጨው የሚችል ስንዴ ፈጠሩ» የሚል ርዕስ ስታዩም ይህን አስታውሱ። በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሶዲየም ወደ ቅጠል እንዳይወጣ የሚከላከል ጂን ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወስደው በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ፓስታ ስንዴ አስገቡ፤ በጨዋማ መሬት ምርቱ እስከ 25 በመቶ በለጠ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የፓስታ ስንዴ እኛም አገር ስለሚዘራ ይመለከተናል። ግን ጂኑ ቅጠሉን ያድናል እንጂ ከአፈሩ አንድ ግራም ጨው አያወጣም።

ሙከራውን መድገም ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉት። አራት ኩባያ ያዙ፤ ሁለቱን ከሥር ብሱ። ከተበሱት በአንዱ ቦሎቄ፣ በሌላው ገብስ፤ ካልተበሱትም እንዲሁ። ለሁሉም በሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ያለው ውሃ ስጡ፤ ለተበሱት ከሥር እስኪፈስ ድረስ፣ ላልተበሱት አፈሩን እስኪያርስ ብቻ። (ካበዛችሁ ሥሩ አየር አጥቶ ይሞትና በጨው ታሳብቡታላችሁ።) ለሦስት ሳምንት የቅጠሎቹን ብዛትና ርዝመት መዝግቡ፤ የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደደረቀ፣ አሮጌው ወይስ አዲሱ፣ ምልክት አድርጉበት። ዘሩን ከመዝራታችሁ በፊት ግምታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ እጠፉት።