እርድ ለጉበት ካንሰር፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ሾላ ገበያ

ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ሾላ ገበያ ከቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ፊት የማይታጣው አንዱ ሸቀጥ እርድ ነው። ድፍኑም የተፈጨውም ይሸጣል፤ አልጫ ወጥን ቢጫ የሚያደርገውም እርሱ ነው። በቅመምነቱ ላይ ግን የመድኃኒትነት ስም ተደርቦለታል። በውስጡ የሚገኘው ኩርኩሚን የተሰኘ ውህድ የጉበት ካንሰር ሕዋሳትን እንደሚገድል የሚያትቱ የምርምር ጽሑፎች በብዛት ወጥተዋል፤ ውህዱም በእንክብል እየተዘጋጀ በምግብ ማሟያነት በብዙ አገሮች ይሸጣል። ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ መግደሉ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከሳህኑ ወደ ሕመምተኛው ጉበት የሚደረገው ዝላይ ነው።

በሳህን ሙከራ ተመራማሪው ውህዱን በቀጥታ በሕዋሳቱ ላይ ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን በሊትር ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከታይዋን በወጣ ጥናት ግን ሰዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን እየዋጡ እንኳ በደማቸው የተገኘው አማካይ ከፍተኛ መጠን 2 ማይክሮሞል አልሞላም፤ አንጀትና ጉበት ውህዱን በፍጥነት ለውጠው ያስወግዱታልና። 8 ግራም ራሱ ቀላል አይደለም። ከእርድ ዱቄት ውስጥ 3 በመቶው ኩርኩሚን ነው ቢባል፣ ይህን መጠን ለማግኘት በየቀኑ ከሩብ ኪሎ የሚበልጥ እርድ መዋጥ ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ወጥ የለም፤ ሆድም የለም።

ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ከእንግሊዝ አገር ከሌስተር እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት ነው። ካንሰሩ ከትልቁ አንጀት ወደ ጉበታቸው የተሠራጨባቸው 12 ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለአንድ ሳምንት ኩርኩሚን ወስደዋል፤ ከፍተኛው መጠን በቀን 3.6 ግራም ነበር። በቀዶ ሕክምናው የወጣው የጉበት ሥጋ ሲመረመር ኩርኩሚን አልተገኘበትም፤ የታየው ተለውጦ የቀረው ጥቂት ቅሪት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኩርኩሚንና ስለ ጉበት ካንሰር የሚጻፍ ማንኛውም የሳህን ጥናት በመጀመሪያ ለዚህ ውጤት መልስ ሊኖረው ይገባል። «ተስፋ ሰጪ ነው» ብሎ መደምደም መልስ አይሆንም።

ሌላም እንከን አለ። ኩርኩሚን ብርሃን የሚያፈልቅና ከበርካታ ፕሮቲኖች ጋር ያለ ምርጫ የሚጣበቅ ውህድ በመሆኑ የመመርመሪያ ዘዴዎቹን ራሳቸውን ያሳስታል፤ የሌለውን ውጤት እንዳለ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካውያን የመድኃኒት ኬሚስቶች ይህን ዘርዝረው ጽፈዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑ የሕክምና ሙከራዎች ተደርገው ሳለ፣ ሐኪሙም ታካሚው ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ የተሳካ አንድም አላገኙም።

የምግብ ማሟያ ሁሉ ከሳህን አያልፍም ማለት አይደለም። ቫይታሚን ኬ2 አልፏል። ጃፓናውያን በቫይረስ ሳቢያ ሲሮሲስ የያዛቸውን 40 ሴቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ቫይታሚኑን ከወሰዱት 21 ሴቶች መካከል 2ቱን፣ ካልወሰዱት 19 መካከል ደግሞ 9ኙን የጉበት ካንሰር ይዟቸዋል። ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነበር፤ ጥናቱ ግን ሲታቀድ ዓላማው የአጥንት መሳሳት እንጂ ካንሰር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ ካንሰራቸው ከታከመላቸው 548 ሕሙማን ጋር ጥያቄው እንደገና ተፈተነ። ቫይታሚኑ በሽታው እንዳያገረሽ አልከለከለም፤ ሙከራውም በመሐል ተቋረጠ። የሚያስመሰግነው ጃፓናውያኑ የራሳቸውን መልካም ዜና ለከባድ ፈተና ማቅረባቸው ነው። በአንጻሩ ሶራፌኒብ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስገኘው የዕድሜ ጭማሪ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ይህቺኑ ለማረጋገጥ ግን 602 ሕሙማን አስፈልገዋል።

«ቢሞከርስ ምን ይጎዳል?» የሚለው ክርክር ከቤተሰብ አፍ ሲወጣ ሰብዓዊ ነው፤ ከሐኪም አፍ ሲወጣ ግን ይቅርታ የለውም። በአሜሪካ የመድኃኒት ጉበት ጉዳትን የሚመዘግብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በእርድ ምርቶች ሳቢያ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን አቅርቧል። 5ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ 1 ሰው ሞቷል። ከተመረመሩት ምርቶች በ3ቱ ውስጥ የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን ተገኝቷል፤ ይህም የኩርኩሚንን ወደ ደም መግባት ለማሳደግ ተብሎ የሚጨመር ነው። መድኃኒቱን አጠንክሮ ወደ ደም ማስገባት ጉዳቱንም አብሮ ሊያስገባ ይችላል ማለት ነው። በወጥ ውስጥ ለሚገባው ቁንጥር እርድ ይህ ሥጋት አይነሣም፤ ጉዳዩ በእንክብልና በማንኪያ እየተለካ ለወራት የሚወሰደው ነው።

ለአገራችን ሐኪም ችግሩ ድርብ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ዐይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብሎ እርድ ሊጨምርለት ይችላል፤ ሐኪሙም የቢጫነቱን መባባስ ሁሉ ለካንሰሩ ይሰጠዋል። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከሾላ የተገዛ ቅመም በታካሚው አእምሮ ውስጥ መድኃኒት አይደለምና። እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ከውጭ የተላከ እንክብል በየስማቸው ተጠርተው፣ በቀን ስንት ማንኪያ፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ፣ ከመቼ ጀምሮ ተብሎ ተጠይቆ መልሱ በታካሚው ካርድ ላይ ሊሰፍር ይገባል።