ውኃ ከአንጀት ወደ ደም፦ የአኳፖሪን ድርሻ ሲመረመር

የጤነኛ አዋቂ ሰው ቀጭን አንጀት በየቀኑ ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያስተናግዳል። በመጠጥና በምግብ የሚገባው ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽት ፈሳሽና አንጀቱ ራሱ የሚያመነጨው ነው። ከዚህ ሁሉ በዓይነ ምድር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሌላውን ሰውነት መልሶ ይወስደዋል። ይህ ሚዛን ሲዛባ ሰው በሰዓታት ውስጥ እንዴት እንደሚደርቅ ኮሌራ ያከመ ሐኪም ያውቃል።

ይህን ያህል ውኃ የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፈው በየት በኩል ነው? የሚገፋውስ ምንድን ነው? ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ጽሑፎች መልሱን አኳፖሪን ለተባሉት የውኃ ቦይ ፕሮቲኖች ሰጥተዋል። ይህ ዳሰሳ ያንን መልስ በማስረጃ ይመዝናል። አኳፖሪኖች በአንጀት መኖራቸው አያጠራጥርም፤ አብዛኛውን ፈሳሽ የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው ለማለት ግን ማስረጃው አይበቃም።

ግኝቱ ታላቅ እንደነበረ አይካድም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፒተር አግሬና ባልደረቦቻቸው የቀይ ደም ሕዋስን ሲያጠኑ ሥራው ያልታወቀ አንድ ፕሮቲን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የዚህን ፕሮቲን መሥሪያ መልእክት ወደ እንቁራሪት እንቁላል አስገቡ። እንቁላሉ በተፈጥሮው ውኃ በቀላሉ አያስገባም፤ ፕሮቲኑን ከሠራ በኋላ ግን ጨው ባነሰው ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ፈነዳ። አንዱ ቦይ በሰከንድ እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርሱ የውኃ ሞለኪውሎችን ሲያሳልፍ ፕሮቶን ግን አያሳልፍም። አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተካፈሉ። በኩላሊት ደግሞ አኳፖሪን 2 ሲበላሽ ሰው ሽንቱን ማወፈር ተስኖት ያለ ልክ እንደሚሸና ስለተረጋገጠ፣ የፕሮቲኑ ፋይዳ በዚያ አካል አከራካሪ አይደለም።

ችግሩ የኩላሊቱ ድምዳሜ ሳይፈተሽ ወደ አንጀት መሻገሩ ነው። በሰው ላይ 13 ዓይነት አኳፖሪኖች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም በርካቶቹ በአንጀት ተገኝተዋል። አኳፖሪን 3 በትልቁ አንጀት፣ አኳፖሪን 10 በቀጭኑ አንጀት ይጠቀሳሉ። አጥኚዎች ፕሮቲኑን በቀለም ለይተው በሕዋሱ ገለፈት ላይ ሲያዩት ብዙ ጊዜ «እንግዲህ ውኃውን የሚያሻግረው ይህ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ አንድ ፕሮቲን በቦታው መገኘቱ የሥራውን መጠን አይነግረንም። ያንን ማወቅ የሚቻለው ፕሮቲኑ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በማየት ነው።

ይህ ፈተና በአይጦች ተደርጓል። በሳን ፍራንሲስኮ የአለን ቨርክማን ቡድን አኳፖሪን 4 የሌላቸውን አይጦች አጥንቶ፣ የትልቁ አንጀታቸው ግድግዳ ውኃ የማሳለፍ አቅም መቀነሱን አረጋገጠ፤ የዓይነ ምድራቸው የውኃ መጠን ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አኳፖሪን 8 የጎደላቸው አይጦችም የሚታይባቸው ጉድለት ቀላል ነበር። በአንጻሩ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ የያዛቸው አይጦች ላይ አኳፖሪኖች ከገለፈቱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መሸሻቸው ታይቷል። ይህ ችላ ሊባል የሚገባው ግኝት አይደለም። ሆኖም የቆጣ አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይለወጥበታልና፣ ከለውጦቹ አንዱን ብቻ ነጥሎ መንሥኤ ማድረግ ያስቸግራል።

የአይጡም ማስረጃ ራሱ ገደብ አለው። በሰው ቀጭን አንጀት የሚገኘው የአኳፖሪን 10 ዘረ መል በአይጥ ላይ የማይሠራ ቅሪት ነው። ስለዚህ አይጥ ስለዚህ ፕሮቲን ምንም ሊመሰክር አይችልም። ከሰው የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ጥቂት ነው። አኳፖሪን 1 ጨርሶ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች መኖራቸው በ1994 ታውቋል፤ በዕለት ኑሯቸው የጎላ ሕመም አልታየባቸውም፤ ውኃ ሲከለከሉ ግን ሽንታቸውን እንደ ሌላው ሰው ማወፈር አልቻሉም። አኳፖሪን 1 በአንጀት ዘንድ በዋናነት የሚገኘው በደምና በሊምፍ ሥሮች ግድግዳ ላይ በመሆኑ፣ ይህም የአንጀቱን ክርክር አይዘጋውም።

እንግዲህ ወደ ገፊው ኃይል እንመለስ። ገበሬ ቦይ ቢቆፍርም ቁልቁለት ከሌለ ውኃው አይሄድለትም። በአንጀት ቁልቁለቱን የሚሠራው ጨው ነው። በ1957 ፒተር ከራንና አርተር ሰለሞን በአይጥ አንጀት ላይ የውኃው ጉዞ የጨውን ጉዞ እንደሚከተል አሳዩ። በ1960 ሮበርት ክሬን ግሉኮስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው የሚለውን ሐሳብ በፕራግ አቀረቡ። በ1967 ጃሬድ ዳያመንድና ዊልያም ቦሰርት በሕዋሳት መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ጨው ሲከማች ውኃን እንደሚስብ በስሌት አስረዱ።

መንገዱን በተመለከተ ክርክሩ አልተቋጨም። በ1996 ኧርነስት ራይት፣ ቶማስ ዞይተንና ባልደረቦቻቸው ሶዲየምንና ግሉኮስን የሚያስገባው ፕሮቲን ራሱ በእያንዳንዱ ዙር 260 ያህል የውኃ ሞለኪውሎችን አብሮ ይወስዳል አሉ። ተቺዎቻቸው ደግሞ የታየው ፍሰት በገለፈቱ ሥር በተከማቸ ሟሚ የተነሣ ተራ ኦስሞሲስ ነው ይላሉ። ክላውዲን 2 የተባለው ፕሮቲን በሕዋሳት መጋጠሚያ በኩል ሶዲየምና ውኃ እንደሚያሳልፍም ታውቋል። የሚከራከሩት ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሶዲየም ካልተንቀሳቀሰ ውኃ አይንቀሳቀስም።

ይህ እውቀት አኳፖሪን ከመታወቁ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት ሕይወት አድኗል። የኮሌራ መርዝ ሕዋሱን ክሎራይድ እንዲያፈስ ሲያስገድደው፣ የሶዲየምና የግሉኮስ ጥምር መግቢያ ሳይነካ ይቀራል። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በዳካ ይህንን በሕሙማን ላይ አሳዩ። በ1971 ዲሊፕ ማሃላናቢስ በቦንጋኦን የስደተኞች መጠለያ ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጠው በማጠጣት፣ እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረውን ሞት ከ4 በመቶ በታች አወረዱ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ይኸው በአፍ የሚሰጥ የጨውና የስኳር ብጥብጥ፣ ኦአርኤስ፣ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና እኩል 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ ቁልቁለቱ ይገለበጣል፤ ውኃው ከደም ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን «በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ብቻ በጥብጡ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አኳፖሪንን የተቅማጥ መድኃኒት ዒላማ ለማድረግ የሚደረገው ጥረት መቀጠል አለበት፤ ነገር ግን ከአይጥ ይልቅ ከሰው በተወሰደ የአንጀት ሕብረ ሕዋስ ላይ፣ ፕሮቲኑን በማየት ብቻ ሳይሆን ፍሰቱን በመለካት ሊፈተን ይገባዋል። የሕክምናና የሥነ ሕይወት መምህራንም ስለ አንጀት ሲያስተምሩ ከሶዲየም ይጀምሩ፤ ወደ አኳፖሪን የሚሻገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። እስካሁን በተቅማጥ የተያዘን ሕፃን ሕይወት ለማትረፍ የረዳን፣ ውኃ ጨውን እንደሚከተል ማወቃችን ነው።