ጨረቃን በጣት የቆጠሩ

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ከአዲስ ዘመን በላይ ጣራ ገዳም ደኑን ለብሶ ይታያል፤ ከታች ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው ላይ በሬ አድልቦ ለወረታ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቅ አለበት። ፋሲካን የምትወስነው ደግሞ ጨረቃ ናት። እሷን ምድርም ፀሐይም በአንድ ጊዜ ስለሚስቧት፣ ኒውተን ራሱ ስሌቷ ራስ ምታት ሆኖበት እንደነበር ይነገራል።

የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ይህን ጣጣ አንድ ዲያቆን በጣቱ አንጓ ቆጥሮ እንዲጨርሰው አድርጎ አበጅቶታል። ረቂቅ ሳይንስን ለተራ ሰው ከማስረዳት ሥራዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው እሱን ነው።

2018 ዓ.ም.ን እንያዝ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ለያዝነው ዘመን አንድ ሲነሣለት ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ ነው፤ የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል፤ 12። እንደገና ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ፤ የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል፤ 18። አለቀ።

አሁን ስፌቱን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። መግደፊያው 19 የተመረጠው 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም ነው። 11ዱ፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከጨረቃ ዓመት 354 የሚበልጥበት ነው። ማባዣው 19 ግን የመጀመሪያው 19 አይደለም፤ ከ30 ላይ 11 ሲነሣ የሚቀረው ነው። ስለዚህ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይመጣሉ። ካልመጡ ተማሪው የኔታን ሳይጠይቅ መሳሳቱን ያውቃል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ተውሳኩ ነው፤ መጥቅዕ በዋለበት ዕለት መሠረት የሚጨመረው ቁጥር። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ ዓርብ 2 ላይ ያበቃል። የ2018 መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ ዋለ፤ በ18 ላይ 7 ሲጨመር ጥር 25፣ ጾመ ነነዌ። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 ያለው 120 ቀን 17 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ እሑዱ ሰኞ ይሆናል፤ 7ቱ ሰኞነቱን አይነካም። ሌሎቹም ተውሳኮች ቢሞከሩ ሁሉም ሰኞ ላይ ያርፋሉ። ታዲያ ለቅዳሜ 1 አይበቃም ነበር? ሰኞን ለማግኘትማ ይበቃል። ግን ፋሲካን ከአይሁድ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ያውለው ነበርና አንድ ሳምንት ተገፍቶ 8 ሆነ። አንድ የሥርዓት ክርክር እንዳለ በአንዲት አኃዝ ውስጥ ተቀምጧል። በ25 ላይ 9 ሲጨመር 34፣ በ30 ሲገደፍ 4፤ ሚያዝያ 4፣ ትንሣኤ።

ቁጥሮቹ እንዳይረሱ ደግሞ ታሪክ ለብሰዋል። የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባዔ ያዘ ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19። ታሪኩን የሰማ ሰው ሳያስበው ሁለቱን ማባዣዎች ይዞ ይሄዳል። የዛሬ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ቢቀናበት አይፈረድበትም።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ዕድሜውን ሙሉ በ11 ሲያባዛ የኖረ ሰው 11ዱ ከሰማይ እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። ስሌቱ እንዴት እንጂ ለምን አይልም። ለምኑን ያላወቀ ደግሞ ስሌቱ ከሰማይ ሲለያይ ግራ ይገባዋል፤ 19ኙ ዓመት ከ235ቱ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበልጣልና፣ ይህ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። በ2018 የፋሲካዋ ጨረቃ በሰማይ የሞላችው መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በስሌቱ መጋቢት 28። ያቺን አንድ ሰዓት ተኩል የነገሩት ተማሪ አራቱ ቀን ከየት እንደመጡ በዚያው የጣት ቆጠራ ሊደርስባቸው ይችላል።